በጣና ላይ ያልቀመስኩት ወጥ

ሰው ስለ ጣና ሲያወራ ስለ ደሴቶቹና ስለ ገዳማቱ ያወራል። እኔ የማወራው ስለ ድስት ነው። ቅር የሚለው ካለ ሌላ አውሪ ይፈልግ። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ የሄድኩት ምድጃ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው፤ ደሴቶቹንም ያየኋቸው ከእንፋሎት ማዶ ነው።

የላስታ ልጅ ነኝ። ከላሊበላ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር ካለች መንደር ተወለድኩ፤ ከተማ ወርጄ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ከማጠብ ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ኋላ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ወሰደኝና የተራራ ወጥ ሠሪ ሆንኩ። ድንኳኑን፣ ቡታጋዙንና ድስቱን በበቅሎ ጭነን፣ በእግር የሚጓዙትን ፈረንጆች እየተከተልን ውርጭ ላይ እናድራለን። «ሴት ልጅ በየሜዳው ከወንድ ጋር እየዞረች» የሚለውን ሐሜት ጠግቤዋለሁ። መልስ አልሰጠሁም፤ ሐሜተኞቹ ራሳቸው ሰልችቷቸው ተዉት።

ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሞባይል ላሊበላ ገና እንደገባ ሰሞን፣ ድርጅቱ አዲስ ነገር አመጣ። ፈረንጆቹን በአንዲት አነስተኛ መርከብ አሳፍሮ ጣናን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ መመለስ፣ በየደሴቱ መውረድ፣ ማደሩንም እዚያው መርከቧ ላይ ማደር። «መርከብ» ይሏታል እንጂ ከላይ ሸራ የተወጠረባት፣ ከታች አልጋ የተደረደረባት የብረት ጀልባ ናት። ወጥ ሠሪ ሲፈለግ እኔ አለሁ አልኩ። ከባሕር ዳር መቅጠር ይሻላል አሉ። «የባሕር ዳር ሰው የእናንተን ፈረንጆች ጠባይ የት ያውቀዋል?» ብዬ ድርቅ አልኩባቸው። ወሰዱኝ።

ለምን ያን ያህል እንደፈለግሁት ልናገር። እኛ አገር ውሃ የሚሸከሙት ነገር ነው። ከገደል ሥር በጀሪካን ይቀዳል፣ ገመዱ ትከሻ እየበላ ዳገት ይወጣል፣ ቤት ሲደርስ በጣሳ እየተለካ ይወጣል። ማንም ያልተሸከመው፣ ማንም ያልለካው ውሃ ዝም ብሎ ተንጣልሎ ማየት እፈልግ ነበር። ዳር ቆሜ አይደለም፣ ከመካከሉ ሆኜ፤ እስከ ማዶው ደርሼ፣ በሌላው ዳርቻ ዞሬ እስክመለስ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰው ለሚፈልገው ነገር ሁሉ የተከበረ ምክንያት ማቅረብ የለበትም።

የመጀመሪያው ቀን መሳቂያ ሆንኩ። እኛ ዘንድ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፍ ይወርዳል፤ ትልቅም ይሁን ትንሽ ይወርዳል። ጀልባችን ከባሕር ዳር ተነስታ ብዙም ሳትርቅ የመጀመሪያዋ ደሴት ብቅ አለች፤ በዛፎቹ መካከል ጉልላት ታየኝ። ሽንኩርቱን እንደያዝኩ ብድግ አልኩ። መውረድ አለብኝ፣ ግን የት ልውረድ? ወደ ጠርዙ ተጠግቼ ልሳለም ጎንበስ ስል ጀልባዋ ዘመም አለችና ካፒቴኑ ከኋላ ጮኹብኝ።

«እህቴ ተቀመጪ! ውሃ ውስጥ ልትገቢ ነው!»

«ታቦት አጠገብ ተቀምጬ አላልፍም ጋሼ።»

«እንግዲያው እስከ ጎርጎራ ቆመሽ መሄድሽ ነው። እዚህ ታቦት የሌለበት ደሴት የት ታገኛለሽ?»

ገመድ የሚስቡት ሁለቱ ሠራተኞች በሳቅ ፈረሱ። ይሳቁ። ከዚያ በኋላ ደሴት ባየሁ ቁጥር የሸራውን ቋሚ አንቄ እቆም ነበር፤ ካፒቴኑም ፍጥነታቸውን ቀነስ ያደርጉልኝ ጀመር። ፂማቸው የሸበተ፣ እዚያው ሐይቁ ዳር የተወለዱ ሙስሊም ናቸው። እንደምሳለም እያወቁ «አለፈ፣ አሁን ተቀመጪ» ይሉኛል።

የወሬዬ ሦስተኛ ሰው ድርጅቱ የመደበው አስተባባሪ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የነበረ፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው። አለቃ ነውና ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። ክፉ አልነበረም፤ ይህን እወቁልኝ። የሐይቁን ጉዞ ያሰበው እሱ ነው፤ የመጀመሪያው ጉዞ ከተበላሸ ሁለተኛ እንደማይኖር ያውቃል። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ይጨነቃል፣ የሚጨነቅ ሰው ደግሞ የሰው ድስት መክፈት ይወዳል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ፈረንጅ በብዛት የሚመጣውና የነቢያት ጾም አንድ ላይ ነው የሚገጥሙት፤ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና። ወጥ ቤት የምንሠራው ደግሞ ጿሚዎች ነን። ሥጋውን እንጠብሳለን፣ ቅቤውን እናነጥራለን፣ እንቁላሉን እንመታለን፣ አንቀምሰውም። ጨውን በመዳፍ እንለካለን፣ የቀረውን በሽታው እናውቀዋለን። አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ይጎድላል። ፈረንጅ ሞቶ አያውቅም። የጾሙን ምግብ ራሱን እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አፌ አላስገባም። አስተባባሪው ወደ ተራራው አብሮን ወጥቶ ስለማያውቅ ይህን አያውቅም ነበር።

ያወቀው በሩዝ ነው። ተራራ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ቶሎ አያበስልም። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ሩዝ ድንጋይ ይሆናል፤ ውሃ ታበዛላችሁ፣ ደጋግማችሁ ትጨምራላችሁ፣ እሳቱ ላይ ታቆዩታላችሁ። እጄ የለመደው ይህን ነው። ጣና ከእኛ አገር ስንት ዝቅ እንዳለ ማን ነገረኝ? እንደ ልማዴ ውሃውን አበዛሁ፣ እንደ ልማዴ አቆየሁት፣ ክዳኑን ስከፍተው ገንፎ ሆኗል። ሌላ ሩዝ ለመጣድ ጊዜ አልነበረም። ከአምባዛ ወጥ ጋር ገንፎውን አቀረብኩ። ፈረንጆቹ ጨዋ ናቸው፤ በማንኪያ በሉት፣ አንዷ ረጅም ሴትዮ እንዲያውም የአገራችን ባህላዊ ምግብ መስሏት ፎቶ አነሳችው።

አስተባባሪው ግን አልተታለለም። ፈረንጆቹ ሊያርፉ ሲሄዱ ሠራተኛውን ሁሉ ሸራው ሥር ሰበሰበ።

«ዛሬ ምሳ ላይ የታየውን ድክመት እንገመግማለን» አለ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ውሃ ላይ ግምገማ! ቀበሌ ስንገመገም፣ ማኅበር ስንገመገም ኖረን፣ ጣና መካከልም ደረሰብን። ካፒቴኑ ከመሪው ሳይነሱ «ጀልባዋን ማን ይይዛታል?» አሉ። «እዚያው ሆነው ይሳተፉ» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሩዙን ቀምሰሽው ነበር?»

«አልቀመስኩም።»

«ለምን?»

«ጾም ነው፤ ዘጠኝ ሰዓትም አልሞላም።»

«ዓሣውንስ?»

«ዓሣውንማ ጭራሽ!»

«ዓሣ እኮ በጾም ይበላል። እዚህ አገር ሁሉም ይበላዋል።»

«ይብሉት። እኛ አገር አይበላም።»

«አንቺ አሁን ያለሽው አገርሽ አይደለም፣ ሥራ ላይ ነሽ። ቀምሰሽው ቢሆን ኖሮ ገንፎ ከመሆኑ በፊት ታወርጅው ነበር። ልክ አይደለሁም?»

ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው የበለጠ ያናደደኝ። «ግለ ሂስ አድርጊ» አለኝ።

«ሩዙን ገንፎ አድርጌዋለሁ። ይኸው ግለ ሂስ። ነገ ውሃውን ቀንሼ ቶሎ አወጣዋለሁ። መቅመስ ግን አልቀምስም።»

«የአመለካከት ችግር አለብሽ» አለ። ሀገር በቱሪዝም ልታድግ ነው እየተባለ፣ በአንድ ሰው ግትርነት የድርጅቱ ስም ሊጠፋ እንደማይገባ ዘርዝሮ አስረዳ። ገመድ ሳቢዎቹ እግራቸውን ያዩ ነበር። ሲጨርስ ውሳኔውን ነገረኝ። ጎርጎራ እስክንደርስ ጊዜ አለኝ። እየቀመስኩ ከሠራሁ እሰየው፤ ካልሆነ ጎርጎራ ላይ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ወደ ጎንደር መኪና አለ፣ እሱም ሌላ ወጥ ሠሪ ያገኛል።

ጎርጎራ የጉዞው ግማሽ ነው። እዚያ ከወረድኩ ሐይቁን በግማሽ አይቼ ልቀር ነው፤ የሚመለሱበትን የምዕራቡን ዳርቻ ሌላ ሰው ያየዋል። ላሊበላ ገብቼ ደግሞ «ሴት ልጅ ውሃ ላይ ምን ትሠራለች ብለን አልነበር?» ለሚሉኝ አፋቸውን ሞልተው እንዲናገሩ ልፈቅድላቸው ነው። ሽንኩርቱን ከመቼውም ይልቅ አደቀቅሁት።

በማግስቱ ጠዋት ካፒቴኑ ሞተሩን አጥፍተው፣ ታንኳ ላይ ካሉ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲገዙ ቆዩና ወደ ወጥ ቤቴ ብቅ አሉ።

«እኔ ጾመኛ አይደለሁ» አሉኝ።

«አይደሉም ጋሼ።»

«ዓሣ ደግሞ ቢላዋ የክርስቲያን የእስላም አይልበትም። ያንቺንም የኔንም አፍ አያረክስም። በይ ስጪኝ።»

ማንኪያ ሰጠኋቸው። ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ጨው ጎድሎታል። ሚጥሚጣውን ደግሞ ለፈረንጅ ብለሽ ነው የፈራሽው? ትንሽ ድፈሪ» አሉ። ጨመርኩ። እንደገና ቀመሱና «አብሽሪ፣ አሁን ሆነ» ብለው ወደ መሪያቸው ሄዱ። ያን ቀን ሰሃኖቹ ተጠርገው ተመለሱ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ አንድ ገመድ ሳቢ «ምን አገኘሽ?» እስኪለኝ ድረስ እዘፍን ነበር።

አስተባባሪው ሲሰማ ግን አልተደሰተም። ካፒቴን ጀልባ ይነዳል እንጂ ወጥ አይቀምስም፣ ወጥ ሠሪዋ እያለች ሌላ ሰው መቅመሱ አሠራር አይደለም አለ። ከሁሉ ያስቸገረው እምቢታዬ መሆኑን ያኔ ገባኝ። ወጡማ ጥሩ ነበር፤ ራሱም ከፈረንጆቹ ጋር ከታች፣ ጿሚ እንዳያየው መጋረጃ ተጋርዶ በልቶታል። እሱ እንግዳ የማስተናገድ ግዴታ ስላለበት «ለሥራ» ነው የሚበላው። ለሱ ያልተመቸው፣ አንድ ሰው «አልቀምስም» ብሎ ምንም ሳይሆን መቅረቱ ነው።

ቀጥሎ የመጣውን አልጠበቅሁትም። ሴትም ወንድም በሚገባበት አንድ ደሴት ወርደን ፈረንጆቹ ሥዕሎቹን ሲያዩ፣ አስተባባሪው እኔን ጠርቶ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ፊት አቆመኝ። መስቀል ተሳለምኩ።

«አባ፣ ይቺ ወጥ ሠሪያችን ናት» አላቸው። «ለእንግዳ የምትሠራውን አልቀምስም ብላ አስቸገረችን። ለሥራዋ ብላ ቀምሳ ብትተፋው ኃጢአት ነው?»

መነኩሴው ቀስ ብለው ተመለከቱኝ። «እንጀራሽ ከሆነ፣ ሳትውጪ ቅመሺና ትፊው፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ» አሉ።

አስተባባሪው ፊቱ በራ። እኔ መስቀላቸውን እንደገና ሳምኩ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ። ግን አልቀምስም።»

«እሳቸው ራሳቸው ፈቀዱልሽ እኮ!» አለ አስተባባሪው።

«ስለፈቀዱልኝ ዕድሜ ይስጣቸው። አልቀምስም።»

መነኩሴው «ከየት ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ከላስታ ነኝ አባቴ።»

«እሱስ ያስታውቃል» አሉና መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው እየከተቱ ሳቁ። አስተባባሪውን ደግሞ «ተዋት» አሉት። አልተወኝም።

ወደ ጀልባው በሚወስደው ጠባብ መንገድ፣ በቡና ዛፎቹ መካከል ስንወርድ ከኋላዬ እየተከተለ «ቆይ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የአለቃ ድምፅ አልነበረውም። «ቤተ ክርስቲያን ፈቅዳልሻለች። እኔ አዝዤሻለሁ። ታዲያ ለማን ብለሽ ነው?» ለእሱ ሳልነግረው ወደ ጀልባዋ ወረድኩ። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ልጅ ነበርኩ። ከመንደራችን ወርደን እህል ወደሚታደልበት መጠለያ ደረስን። እዚያ ነጭ ጋዋን የለበሰች አንዲት ሴት በየቀኑ ትመጣለች። አፍንጫዬን ይዛ አፌ ሲከፈት ወተት በማንኪያ ታፈስብኛለች። ጾም ነበር። እናቴ መጾም ያስተማረችኝ በዚያው ዓመት ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው ጿሚ ተብዬ ኮርቼ ነበር። እናቴ አጠገቤ ቆማ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች። ሴትዮዋ ክፋት አልነበረባትም፤ በሕይወት የቆየሁት በእሷ ማንኪያ ነው፣ ባለችበት እግዜር ይስጣት። ግን ማንም «ትጠጫለሽ?» ብሎ አልጠየቀኝም። የእናቴን የዞረ ፊት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ይዞ «ክፈቺ» የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል፤ አለቃም ይሁን፣ መነኩሴም ይሁን። አፌን የምከፍተው እኔ ነኝ፣ የምዘጋውም እኔ ነኝ። ላሊበላ ያሉ ጓደኞቼ ኋላ «ብትቀምሺው ምን ትሆኚ ነበር?» አሉኝ። ምንም አልሆንም ነበር። ነገሩ እሱ አይደለም።

ጎርጎራ የደረስነው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። መውረጃው ላይ ሰው ሞልቷል፤ ትልቁን የሕዝብ ጀልባ የሚጠብቁ መንገደኞች፣ ዶሮ የያዙ ሴቶች፣ ነጠላቸውን የተከናነቡ ሽማግሌዎች። አስተባባሪው ፈረንጆቹ ዓሣ ሰልችቷቸዋል ብሎ በግ ገዛ፣ እዚያው ካለ ሰው ጋር አሳርዶ ሥጋውን አመጣልኝ። ሥጋውን ስቀበለው የሚመጣውን አወቅሁ። ቀይ ወጡን ሠራሁ። ቀደም ብዬ ጓዜን፣ ሁለት ልብሴንና የራሴን ቢላዋ በነጠላ ጠቅልዬ አስሬ ነበር። ወጡ ሲንተከተክ ከማዶ ያለውን ዳርቻ አየሁት፤ ያንን በቅርብ ሳላየው ልወርድ ነው። አላለቀስኩም። ንዴቱ ከልቅሶ በለጠብኝ።

መጣ። ክዳኑን ራሱ አነሳ።

«ቅመሺ።»

«አልቀምስም።»

«ጠብታ ብቻ። ማንም አያይሽም።»

«አልቀምስም አልኩ እኮ።»

«እንግዲያው እቃሽን አውጪ።»

«ታስሯል» አልኩት በእግሬ እያሳየሁት።

ያን ጊዜ ግራ ገባው። ምናልባት እለምነዋለሁ ብሎ ነበር። ፈረንጆቹ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፣ ወጡ ደርሷል፣ ጎርጎራ ላይ አገኘዋለሁ ያለው ወጥ ሠሪ ገና አልተገኘም። ወደ ካፒቴኑ ዞረ።

«ዓሣውን ቀምሰውላት የለ? በሉ ይቅመሱ እንግዲህ!»

ካፒቴኑ ገመድ እየጠቀለሉ ነበር። ቀና ብለው አዩት። «ወላሂ፣ ዓሣ ሌላ ሥጋ ሌላ ነው። ይኼ በእናንተ እጅ የታረደ ነው። እኔም አልቀምስም።»

ወደ ገመድ ሳቢዎቹ አየ። አንዱ የማተቡን ክር ይዞ ወደ ሐይቁ ይመለከታል፣ ሌላው በድንገት ባልዲ የሚፈልግ ሰው ሆነ። መውረጃው ላይ የነበሩት ሰዎች ንግግሩን ሰምተው ጠጋ ጠጋ ብለዋል።

«ጉድ ነው!» አለ አስተባባሪው። «አንድ ማንኪያ ወጥ! እኔ እቀምሰዋለሁ፤ ምን ይሆናል?»

«ይቅመሱ» አልኩት፤ ገለል ብዬም ቦታ ለቀቅሁለት።

ማንኪያውን አነሳ። ጨለፈ። ድስቱ ላይ ጎንበስ ሲል ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ የራሱ ማተብ ወጥቶ ተንጠለጠለ። መኖሩን አላውቅም ነበር። ማንኪያውን እፍ እፍ ይል ጀመር። ወጡ ከቀዘቀዘ በኋላም እፍ ማለቱን አላቆመም። ካፒቴኑን አየ፣ እኔን አየ፣ መውረጃው ላይ ቆመው የሚያዩትን ሽማግሌዎች አየ። ከታች መጋረጃው አለ፤ እዚህ ግን መጋረጃ የለም፣ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፣ ሰው ሁሉ አፉን ያያል። እኔን ስንት ቀን ቅመሺ ሲለኝ ከረመ። ዓይኔን ከዓይኑ ላይ አልነቀልኩም።

ማንኪያውን ወደ ድስቱ መለሰው።

«ሽታው ደህና ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም፤ እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም። ወጡን አወጣሁ፣ ገመድ ሳቢዎቹ አቀረቡት፣ ፈረንጆቹ መብላት ጀመሩ። ከዚያ ያቺ ረጅም ሴትዮ አንገቷን ወደ እኛ አዙራ፣ ጣቶቿን ገጥማ አየር ላይ ነሰነሰች። ጨው ጎድሎታል ማለቷ ነው።

አስተባባሪው አየኝ። እንድሸማቀቅ የጠበቀ ይመስለኛል። የጨውን ዕቃ አንስቼ፣ ቀጥ ብዬ፣ ሌላ ሰው እንዲያደርስልኝ ሳልሰጥ፣ እኔው ራሴ ጠረጴዛው ድረስ ወሰድኩላቸው። ነሰነሱበትና በሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ በጾሙም ቢሆን።

ስመለስ አስተባባሪው ምድጃዬ አጠገብ ቆሟል። ማተቡን ወደ ሸሚዙ መልሶታል። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ውሃው እያየ ነበር።

«ነገ ቁርስ በአንድ ሰዓት ይድረስ» አለ።

«ይደርሳል» አልኩት። «ጨውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጡልኝ።» ከዚያ ጓዜን ፈታሁ።